ለባልደረባችን የጻፍናቸው ደብዳቤዎች

የባልደረባዬ ባለቤት ቢሮዬ የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለተኛ ዓመቶችን ፈትኜ የመልስ ወረቀቶቹን በየክፍላቸው እየለየሁ ነበር። መጋቢት ነው፤ ሆሳዕና ላይ የበልጉ ዝናብ ጀምሯል። ጃንጥላ አልያዘችም፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። በሩ ላይ ቆማ ወደ እሱ ጠረጴዛ አየች እንጂ ወደ እኔ አላየችም።

"አንድ ሰው ደወለልኝ" አለች።

ባሏ በኮሌጃችን የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠናል፤ እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል። ከሦስት ሳምንት በፊት ለዶክትሬት ጥናቱ ሁለት ድንበር ተሻግሮ ወደ ደቡብ ሄዶ ነበር። የሚያጠናው ከእኛ አካባቢ ተነስተው በዚያ መንገድ ስለሚጓዙ ወጣቶች ነው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከአንጋጫ እስከ ዶዮገና፣ በዚያ መንገድ ልጅ ያልሸኘ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የደረሱ አሉ፣ የታሰሩ አሉ፣ ድምፃቸው የጠፋ አሉ። እሱ የጠፉትን ይከታተል ነበር። ስማቸውን፣ የወጡበትን ወር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወሉበትን ቦታ በደብተር ይመዘግባል፤ ከዚያ ራሱ እየሄደ እስር ቤት፣ ሆስፒታል፣ የድንበር ከተማ ሳይል ይጠይቃል።

"ማነው የደወለልሽ?"

"አላውቀውም። በሀዲይሳ ቋንቋ ነው ያናገረኝ። 'መምህሩ ከእኛ ጋር ታስሯል፤ እኔን ዛሬ ሊመልሱኝ ነው' አለኝ። ደብተሩን ወስደውበታል። የሰው ስም አገኙበት። 'ደላላ ነህ' ብለውታል።" እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። "ደላላ! እሱን!"

ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም። ለከሰዓቱ ፈረቃ ልጆች እንዳትዘገይ ነው መሰለኝ፣ ወይም ምን እንደምታደርግ አላወቀችም፣ "ክፍል አለኝ" ብላ በመጣችበት ዝናብ ተመለሰች። እሷ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች።

በማግስቱ ጠዋት ዲናችን ሰብሰብ አደረገን። ሁላችንም ደንግጠን ነበር፤ በድንጋጤው ውስጥ ደግሞ አንድ ዓይነት ሙቀት ነበረበት፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሁሉም ተናገረ። ለውጭ ጉዳይ እንጻፍ፣ ለኤምባሲው እንጻፍ፣ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ምሁራን ይፈርሙ ተባለ። አዲስ አበባ ያለው የጥናቱ አማካሪ በእንግሊዝኛ ጽፎ ውጭ አገር ላሉ ፕሮፌሰሮች ሊያዳርስ ቃል ገባ። የአማርኛው ለእኔ ተሰጠኝ።

"አንቺ ነሽ የምትጽፊው። አማርኛሽ ጥሩ ነው" አለኝ ዲኑ።

ቁጭ ብዬ በአንድ ጊዜ ጻፍኩት። ማክሰኞ ይዤለት ስገባ መነጽሩን አድርጎ፣ እርሳስ ይዞ ያነበው ጀመር። መጀመሪያ "ያለ ጥፋቱ" የሚለው ላይ አሰመረ።

"ይሄ ይውጣ።"

"ጥፋት አለበት ብለው ነው?"

"እኔ የማምነውን አይደለም የምናወራው፣ ማህተም ነው የምናወራው። ኮሌጁ ያላየውን ነገር አይቻለሁ ብሎ ማህተም አይመታም።"

"ታሰረ" የሚለው "በቁጥጥር ሥር የዋለ" ሆነ። "እንዲፈታልን" የሚለው "ጉዳዩ በአፋጣኝ ታይቶ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን" ሆነ። "ባልደረባችን" የሚለውን ደግሞ "የተቋማችን ሠራተኛ" አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ድምፁ ዝግ ያለና ትሁት ነበር። እኔም አልተከራከርኩትም። ለተማሪዎቼ ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ጻፉ እያልኩ የማስተምር ሰው፣ በእጄ ጽሑፉን እያደበዘዝኩ አምስት ጊዜ አስተካክዬ አመጣሁለት። ስድስተኛው ላይ ፈረመ።

ከዚያ ፊርማ ማሰባሰቡ መጣ። ወረቀቱን በአቃፊ ይዤ ከሕንፃ ሕንፃ፣ ከላውንጅ ላውንጅ ዞርኩ። ገና ሳያነቡ እስክሪብቶ የሚጠይቁኝ ነበሩ። አንብበው "እግዚአብሔር ያስበው፣ እንጸልያለን" ብለው ወረቀቱን ሳይፈርሙ የሚመልሱልኝም ነበሩ። አንድ የታሪክ መምህር፣ የማከብረው ሰው፣ ሻዩን አስቀምጦ ወደ ጎን ወሰደኝ።

"እቱ፣ አትቀየሚኝ። የወንድሜ ልጅ በዚያ መንገድ ነው የቀረው። ይሄ ሰውዬ መጥቶ ስሙን መዝግቦ ሄዷል። ስም የሚመዘግብ ማን እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?"

"ዘጠኝ ዓመት አብረኸው አስተምረሃል እኮ።"

"አስተምሬያለሁ" አለ፤ ሻዩን አንስቶ ሄደ።

ወሬው ከተማ ውስጥ ቀድሞን ገብቶ ነበር። መምህሩ ልጆች ይልክ ኖሯል የሚል ወሬ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ደብዳቤውን ሳባዛ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች ሲያወሩት ሰማሁ። ዞር ብዬ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ገጾቹን ቆጥሬ ተቀብዬ ወጣሁ።

ፊርማው ለመሙላት ሦስት ሳምንት ፈጀ። በሚያዝያ መጨረሻ እኔና ባለቤቱ ደብዳቤውን ይዘን አዲስ አበባ ሄድን። ኤምባሲው በር ላይ ጥበቃው በትንሿ መስኮት ተቀበለን። "መልስ ካለ ይደወልላችኋል" አለን። እዚያው ቆመን ጠበቅን፤ ምን እንደምንጠብቅ ግን አናውቅም። ጥበቃው መስኮቷን ዘጋት።

በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን አንድ ወጣት ኃላፊ አስገብቶ አነጋገረን። ፋይሉን አገላብጦ፣ ሰው ሳይሆን ኮምፒውተሩን እያየ ተናገረ።

"ከዚያ በኩል ያገኘነው መረጃ አለ። በስልኩ ውስጥ የሚፈለግ የደላላ ቁጥር ተገኝቷል። ጉዳዩን ያከበደው እሱ ነው።"

ባለቤቱ "የምን ቁጥር?" አለች።

"ዝርዝሩ የለኝም እናቴ።"

 የዚያን ቁጥር ነገር እኔ አውቃለሁ ብዬ አሰብኩ።

ታናሽ ወንድሜ ከአራት ዓመት በፊት በዚያው መንገድ ሄዷል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልን ከአንድ የድንበር ከተማ፣ በሰው ስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማነውም። እናቴ የሷ ባይሆንም በየሰዉ ኪስ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች። ቁጥሩን ይዤ ኖርኩ። ስደውል አንድ ጊዜ ብቻ ተነሳ፤ የሆነ ወንድ ሳቀና ዘጋው። ባልደረባዬ ሊሄድ ሲነሳ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። "ወንድሜ የደወለበት ስልክ ነው፤ የማን እንደሆነ ጠይቅልኝ" አልኩት። የደላላ እንደሚሆን ጠርጥሬያለሁ። ያንን ግን አልነገርኩትም፤ ከነገርኩት አይወስድልኝም ብዬ ፈራሁ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቱ የነገርኳት ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ቡታጅራን አልፎ ወደ ወራቤ ሲወጣ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠናል፤ ፊቷን እንዳላይ ወደፊት እያየሁ ነው የነገርኳት። አላቋረጠችኝም። 

"እዚያ ቢሮ ውስጥ ሳለን ለምን አልተናገርሽም?"

"ፈራሁ።"

"እኔም ፈርቼ ነበር" አለች። "እኔ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።"

ሆሳዕና መናኸሪያ ስንደርስ ቦርሳዋን አንስታ፣ ደህና ሁኚ ሳትለኝ በቆመው ባጃጅ ሄደች።

ሁለት ሳምንት አልደወለችም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ከሌላውም ሰው ልብ መውጣት ጀመረ። የቴሌግራም ግሩፓችን መጀመሪያ የሱን ፎቶ ሲለጥፍ ከርሞ ወደ ሐዘን ማስታወቂያና ወደ ፈተና ፕሮግራም ተመለሰ። ኮርሶቹን ለሦስት ሰው አከፋፈሏቸው። አንድ አዲስ የተቀጠረ መምህር ቦታ አጥቶ የፈተና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረ፤ ይቅርታ ጠይቆኝ ነው፣ እኔም ምንም አይደለም ብየዋለሁ። አስተምራለሁ፣ አርማለሁ፣ ቤቴ እሄዳለሁ። አማካሪው ከአዲስ አበባ እየደወለ ውጭ አገር ያሉ ፈራሚዎችን ስም ያነብልኛል፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መስኮቱን አያለሁ። እንዲህ ዓይነቱ ድካም በእንቅልፍ አይወጣም።

አንድ ሰኞ በሩ ተንኳኳና ገባች። ከሳ ብላለች። አዲሱ መምህር ወረቀት የደረደረበትን ጠረጴዛ አየች፤ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ሰብስባ፣ አስተካክላ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸውና የባሏ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ተቆጥቼሽ ነበር" አለች። "አሁንም አልወጣልኝም። ግን ከአንቺ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም። ቅዳሜ ዱራሜ አባቱ ዘንድ እንሄዳለን፤ ደብዳቤው ይነበብልኝ ብለዋል።"

አባቱ ከዱራሜ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። እንሰቱ መሃል ባለች አግዳሚ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ወተት አስመጡልኝ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ከከምባትኛው እየመነዘሩ የሚያወጡት ይመስላል። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ከነደብዳቤ ቁጥሩ፣ ከነግልባጩ።

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ፣ አባባ።"

"ጥሩ ጽሑፍ ነው። ልጄ ግን የቱ ጋ ነው?"

"ስሙ እዚህ አለ አባባ። ሁለት ቦታ።"

"ስሙን ሰማሁ፤ ልጄን አልሰማሁም" አሉ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ባለቤቱ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው "አምና ከዶዮገና አንድ ሰው መጥቶ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ" አሉ። "'ልጅዎ የልጄን መቃብር አገኘልኝ፤ ላመሰግን ነው የመጣሁ' አለኝ። ያንን ሰው ጻፊው። ለማያውቁት ሰዎች የምትጽፊ ከሆነ፣ ልጄ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ንገሪያቸው።"

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዶዮገና ሄድን። ብርድ ነበር፤ ጭጋጉ እስከ አራት ሰዓት አልተገለጠም። ሰውየውን ያገኘነው ድንች ይዞ ተቀምጦ ነው። አምሳ ዓመት የሚሆነው ገበሬ ነው። ለምን እንደመጣን የመምህሩ ባለቤት ስትነግረው ከድንቹ ላይ ተነስቶ፣ አጠገቡ ለምትሸጠው ሴት "እዪልኝ" ብሎ ወደ አንድ ሻይ ቤት ይዞን ገባ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ስልኬን አልዘጋሁም" አለ። "መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ላስደርግ ከተማ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር፤ ልጄ ይደውላል ብዬ። መምህሩ መጣ። ቁጭ አለ። 'አባባ፣ ልጅዎን አግኝቼዋለሁ፤ በሕይወት ግን አይደለም' አለኝ። በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ስሙን አይቶ፣ የተቀበረበት ድረስ ሄዶ፣ ፎቶ አንስቶ ነው የመጣው። አልቅሼ ጨረስኩ። የዚያን ቀን ነው ስልኬን የዘጋሁት።"

"ይህን ልጻፈው?"

"ጻፊው። እንዳልኩት ጻፊው እንጂ አታሳምሪው።"

እሱ እያወራ ሳለ ሌሎች ሰሙ። አንዲት እናት መጣች፤ መምህሩ ልጇ የታሰረበትን እስር ቤት አግኝቶላት በስልክ አገናኝቷታል። ሌላ አባት መጣ። ሌላም፣ ልጇ ገና ያልተገኘላት፣ ግን "ደብተሩ ላይ ጽፎልኛል፤ እሱ ከታሰረ የኔን ልጅ ማን ይፈልግልኛል?" የምትል መጣች። አማርኛ የማይችሉትን ባለቤቱ አስተረጎመችልኝ። መፈረም የሚችሉት ፈረሙ፤ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ባለ ሻይ ቤቷ ከጎረቤት በተዋሰችው የማህተም ቀለም አስነክተው አተሙ። እኛ ምሁራኑ ሦስት ሳምንት የፈጀብንን እነሱ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨረሱት። አንዳቸውም "ጥፋት ይኖርበት ይሆን?" ብለው አልጠየቁኝም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ቤቴ ተቀምጬ ጻፍኩት። አላሳመርኩትም። የሰዎቹን ንግግር እንዳለ አሰፈርኩ። መጨረሻው ላይ በራሴ ስም አንድ ገጽ ጨመርኩ፦ በስልኩ ውስጥ ከተገኙት ቁጥሮች አንዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የሰጠሁትም የጠፋ ወንድሜን እንዲፈልግልኝ ነው፣ ስለ ቁጥሩ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ አልኩ። አድራሻዬን ጽፌ ፈረምኩ።

ዲኑ ያንን ገጽ ሲያነብ እርሳሱን አላነሳም።

"ይሄን ብታስቀሪው ይሻላል። ነገ አንቺኑ ይጠሩሻል።"

"ይጥሩኝ።"

"የኮሌጁ ማህተም አያርፍበትም፣ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። ማህተም ልጠይቅ አልመጣሁም፤ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።"

ወረቀቱን ትንሽ ያዘው። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ በገበሬዎቹ የጣት አሻራ ሥር፣ ማዕረጉን ሳይጽፍ፣ ስሙን ብቻ ጽፎ ፈረመ። 

ያንንም አዲስ አበባ ወሰድነው። ያው መስኮት፣ ያው ጥበቃ። የውጭ ጉዳዩ ወጣት ኃላፊ ተቀይሮ በቦታው አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ገጹን ሁሉ አነበበችው፤ የዶዮገናውን ገበሬ ስታነብ ገጹን ሳትገልጥ ቆየች። "እልከዋለሁ" አለችን። መላኳን አምናለሁ። ከዚያ ግን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ። ማንም ለጥያቄ አልጠራኝም። ያንን ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ቤቴ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጥ ነበር፤ ኋላ ኋላ መደንገጡም ሰለቸኝ። ሌላ ሦስት የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፍን። ሦስተኛውን ስጽፍ ቀኑን ብቻ ቀይሬ ነው ያተምኩት።

የተፈታው በየካቲት ነው። ለምን እንደተፈታ እስከ ዛሬ አናውቅም። የፕሮፌሰሮቹ ደብዳቤ ይሁን፣ የገበሬዎቹ አሻራ ይሁን፣ ወይ አንድ አዲስ ሹም እስር ቤቱን ሲያጣራ "ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራል እዚህ?" ብሎ ይሁን፣ የነገረን የለም። አንድ ጠዋት ጠርተው ልብሱን ሰጡት፤ ከሌሎች ተመላሾች ጋር አውሮፕላን ላይ አሳፈሩት። ባለቤቱ ስትደውልልኝ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነበር። "ቦሌ ነው ያለው። ድምፁን ሰማሁት" አለችኝ። ተማሪዎቼ ፊት አለቀስኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሼ ጻፍኩት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ሆሳዕና የገባ ቀን ብዙ ሰው ወጥቶ ተቀበለው። ያልፈረመው የታሪክ መምህርም ነበረ፤ አቅፎት ቆየ። እሁድ በቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም ተያዘለት። መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲመሰክር ተጠራ። ተነሳ፤ ማይክራፎኑን ተቀበለ፤ ትንሽ ቆመ። "እግሬን ያመኛል፣ ልቀመጥ" ብሎ ተቀመጠ። ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የለም። ሰው ሲበዛ ወደ በር ይጠጋል።

ሥራ የጀመረው ከወር በኋላ ነው። ጠረጴዛውን አጽድቼ ጠበቅኩት። ተቀመጠ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። ሁለቱን ደብዳቤዎች እንዳነብለት ሳይሆን ራሱ ሊያነብ ጠየቀኝ። የመጀመሪያውን ቶሎ አለፈው። ሁለተኛውን ሲያነብ ሁለት ጊዜ መነጽሩን አወለቀ። የኔ ገጽ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀምጦ አየኝ።

"በዚህ ምክንያት ነው የታሰርኩት ብለሽ ነው ዓመቱን ሙሉ የኖርሽው?"

ያስቀመጠውን ወረቀት ወደ እኔ ሳብኩት።

"እኔ እኮ ደላሎቹን ራሳቸውን አነጋግራለሁ፤ ጥናቴ ነው። ስልኬ ውስጥ የነሱ ቁጥር ብዙ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ያንቺ ላይ ሲደርሱ 'ወንድሟ የጠፋባት ባልደረባዬ ናት የሰጠችኝ' አልኳቸው። ጻፉትና ወደሚቀጥለው አለፉ። ደላላ እንደሆነም ከመሄዴ በፊት ገምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ወሰድከው?"

"ወንድምሽ ነዋ።"

እፎይ የምል ይመስለኝ ነበር። ግን አላልኩም። የተሸከምኩት ነገር ያን ያህል ክብደት እንዳልነበረው ዘግይቼ ነው የሰማሁት፤ ትከሻዬ ግን አንዴ ለምዶታል። ስለ ወንድሜም ነገረኝ፤ ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ። "በእስር ቤቱ በየክፍሉ ጠይቄያለሁ። የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም። መሞቱንም የነገረኝ የለም።" ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት። ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች የመጨረሻውን ብቻ ያዘች።

በሚያዝያ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ክፍል ስላልነበረን፣ "ወረቀት አለሽ?" አለኝ።

"ምን ልጽፍ?"

"እዚያ በታሰርኩበት ክፍል ውስጥ አብረውኝ የነበሩ ከእኛ አካባቢ አሉ፤ አሁንም እዚያው ናቸው። ደብተሬን አልመለሱልኝም። ስማቸውን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በየጠዋቱ እደግመዋለሁ። ሳይጠፋብኝ ጻፊልኝ።"

ጻፍኩ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በክፍሉ ውስጥ በተኙበት ቅደም ተከተል፣ ከግድግዳው ጀምሮ ይጠራቸዋል። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ። ያንዱ እናት ገበያ ውስጥ ጎመን ትሸጣለች። ያንዱ አባት የሞተው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ አልሰማም። አንዱ በኮሌጁ የኔ ተማሪ የነበረ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ገጹ ሞላና ሌላ ወረቀት አወጣሁ።

"ለነዚህ ማን ይፈርማል?" አልኩት። "ምሁር አይደሉም፤ ሠራተኛም አይደሉም። ፕሮፌሰሮቹ አያውቋቸውም።"

"አንቺ ትፈርሚያለሽ። እኔ እፈርማለሁ" አለ። ከዚያ አሰበና "ዲኑም ይፈርማል" አለ።

ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ሌላ ደብዳቤ መጀመር አልፈለግሁም፤ ጥበቃው መስኮቱን ሲዘጋው ታየኝ። እሱ ደግሞ ከኔ በላይ ደክሞታል፤ በየመሃሉ እያቆመ ነው የሚናገረው። በሩ አጠገብ የተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ ጊዜ ስሙን ጠራ፤ ዓይኑን ገለጠ።

"የአባቱ ስም ጠፋብኝ።"

"ቀስ ብለህ አስበው።"

"ትናንት ጠዋት ነበር እኮ።" ግንባሩን በእጁ ያዘ። "ከአንጋጫ ነው። ሳል ነበረበት። የአባቱ ስም..."

ብዙ ጠበቅን። ውጭ ተማሪዎች ከክፍል እየወጡ ነበር። የልጁን ስም ጻፍኩ፤ ከጎኑ ለአባቱ ስም የሚሆን ቦታ ተውኩለት። በማግስቱ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ቁርሴን ሳልበላ፣ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ሰላምታ እንኳን አልሰጠኝም፤ የአባቱን ስም ነገረኝ። እስክሪብቶ ፈልጌ ጻፍኩት።